አያ ጥጋቡ ሳይመርግ የተዋት ቦታ

አያ ጥጋቡ መሞቱን የሰማሁት ጋሸና ላይ፣ ወደ ላሊበላ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ሽሮ አዝዤ ስጠብቅ ነው። የምግብ ቤቷ ባለቤት እናኒ ሳህኑን እያስቀመጠች፣ «ግንበኛው ጥጋቡ እኮ አረፈ፤ ዛሬ ጠዋት ኮን ላይ ቀበሩት» አለችኝ። ነፍስ ይማር አላልኩም። «ደግ» አልኩና ሽሮዬን በላሁ። እናኒ አፏን ይዛ ቀረች።

እሷ ምን ታውቃለች። ያንን ሰው አራት ዓመት ሙሉ ስተኛም ስነሣም ጠልቼዋለሁ። የንስሐ አባቴ «ቂም ይዘሽ አትጹሚ» ቢሉኝ ቂሙን ከምተው ጾሙን ልተው ያሰብኩበት ጊዜ አለ። በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስለሱ ስጽፍ አንቱታውን ወስጄበታለሁ፤ ሌላ ልወስድበት የምችለው ነገር የለኝም። ግን አንድ ነገር አልክድም። ዛሬም ሰው ቤት ስገባ ከሰላምታ በፊት ዓይኔ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው እሱ ስላስተማረኝ ነው።

ከሱ በፊት ያወቅሁት ሥራውን ነው። እኔ ኮን ላይ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሳሎናቸውን በጭቃ አስመርገው ኖሮ፣ አንድ ቀን ስገባ ግድግዳው አንድ ጭረት የለበትም፤ ለስልሶ ይታያል። ጉንጬን አስደግፌ ሞከርኩት። «ማን ነው የሠራው?» ብል፣ «አያ ጥጋቡ ነዋ! እሱ የመረገው እኮ ልጅ ልጅሽ ድረስ ይኖራል» አሉኝ።

የወላጆቼ ቤት ላሊበላ፣ ወደ አሸተን ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ሥር ያለ፣ ክብ፣ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ያኮራል። ከውስጥ ግን ምርጊቱ እየተፈረፈረ በላያችን ላይ ያልቅ ነበር፤ መደቡም ተሰነጣጥቆ እንግዳ የሚያስቀምጥ አልነበረም። አባቴ የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፣ ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው። የዚያን ዓመት ኅዳር ሃያ አንድ ማኅበሩን የማብላቱ ተራ የእሳቸው ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ሌላ ተራ ይድረሳቸው አይድረሳቸው እግዜር ያውቃል። ያን ቀን አምሮባቸው እንዲቀመጡ ፈለግሁ። ስለዚህ ጥጋቡን ሄጄ ለመንኩት።

«ላሊበላ የማን ቤት?» አለኝ።

«የሙሴ ሲሳይ።»

መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስድሳን ያለፈ ሰው ነው፤ ሲያስብ የታችኛውን ከንፈሩን ይነክሳል።

«ሲሳይ አሉ?»

«ደህና ናቸው። ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አንቺ የመጀመሪያ ልጃቸው ነሽ?»

«አዎ፣ ብርቄ እባላለሁ።»

«እመጣለሁ» አለ። የጠየቅሁትን ግን አልመለሰልኝም። እኔም እሺ ማለቱ አስደስቶኝ አልደጋገምኩም።

ቤት ይዤው ስገባ አባዬ በራፉ ላይ ዳዊት እየደገሙ ነበር። ቀና ብለው አዩት። ዳዊቱን ዘጉ።

«ይህን ሰው ከየት አመጣሽው?»

«ከኮን ነው አባዬ፤ እጁ ልዩ ነው።»

«ይሥራ» አሉ። «የጓዳውን ግድግዳ ግን እንዳትነኩት።»

«ምነው? እሱ እኮ ነው ከሁሉም የከፋው!»

«ብርድ ይገባል።»

ብርድ! ምርጊት ሲታደስ ብርድ እንዴት እንደሚገባ እኔ አልገባኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ በርጩማቸውን ከጓዳው ግድግዳ ጋር አጣብቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይውሉ ጀመር። እርጅና መሰለኝ። እማዬም ጥጋቡን ባየች ቁጥር ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች ትወጣለች። ነገሩን የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ጥጋቡ መጀመሪያ የሠራው ሥራ አለመሥራት ነው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጦ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ከግቢው ጥግ ከመረውና ተቀመጠ። አሥራ አምስት ቀን! ግቢው ሁሉ ሸተተ። ጠዋት ጠዋት ሄዶ ጣቱን ይነክርና ምላሱ ላይ ያደርጋል፤ ከዚያ ይተፋል። «ገና ናት፤ አልኮመጠጠችም» ይላል። እኔ እየተነጫነጭኩ «ለማኅበሩ አይደርስም እኮ፣ አያ ጥጋቡ!» ስለው ይስቃል። «አይዞሽ፣ ያ ማኅበር ያለኔ አይደምቅም» ይለኛል። ቀልድ መስሎኝ አብሬው እስቅ ነበር።

አሮጌውን ምርጊት ማንሣት ሲጀምር ነው ሰውየውን የወደድኩት። በመጀመሪያ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ጆሮውን ይለጥፍና «ማን ነሽ አንቺ?» ይላል። ከዚያ ቢላዋውን ከሥር ያስገባና አንዱን ልባስ ከሌላው ሳይሰብር ይልጠዋል። በየዓመቱ ለበዓል፣ ለድግስ፣ ሴቶች በእጃቸው የለበዱት ሁሉ ንብርብር ሆኖ ተቀምጧል። የእያንዳንዱ መዳፍ ዱካ ይታያል።

«ይህች እናትሽ ናት። ቀለበቷ ያወጣውን ጭረት አየሽው? ይህች ደግሞ ግራኝ ናት። እጇ ወደ ወዲያ ነው የሚሄድ።»

እማዬን ብጠይቃት ግራኟ አክስቴ ናት፤ እኔ ሳልወለድ የሞተችው። ቆሜ ዱካዋን ዳሰስኩት። ከዚያ በኋላ ከቢሮ ያገኘሁትን ፈቃድ ሁሉ እሱ ሥር ተቀምጬ ጨረስኩት። ይህን መጻፍ ያንገበግበኛል፤ ግን እንደ አባት ወድጄው ነበር።

ሥራው እያለቀ ሲመጣ የቀረው ያ የጓዳው ግድግዳ ብቻ ሆነ። ከሌላው ጋር ሲተያይ ዓይን ይወጋል። አንድ ማክሰኞ አባዬ ለቀብር ወጡ። እኔ ደግሞ ያመጣሁትን ነገር ሳልጨርስ አልወድም።

«አያ ጥጋቡ፣ አሁን ነው። ሳይመለሱ ይጀምሩት።»

«አባትሽ አትንኩ ብለዋል።»

«ያመጣሁዎት እኔ ነኝ። ሲያልቅ ይወዱታል።»

«አንቺ ነሽ ያልሽው» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ። ቢላዋውን መሬት አስቀምጦ ግድግዳው ፊት ቆሟል። ላይኛውን ልባስ ገፎታል። ከሥሩ የትሪ ያህል ስፋት ያላት፣ ከዙሪያዋ የተለየች ጭቃ ወጥታለች፤ ችኩል፣ ወፍራም፣ የሴት እጅ ያልነካት። መካከሏ ላይ አንድ መዳፍ ተትሟል።

«ይህን እጅ ታውቂዋለሽ?»

አወቅሁት። አራቱ ጣቶች ሙሉ ናቸው፤ አመልካች ጣቱ ከግማሽ ላይ ቆሟል። አባዬን በወጣትነታቸው ማጭድ የቆረጣቸው ጣት ነው። ሳቄ መጣ። «የአባዬ ነው! ይኸው ጣታቸው! አባዬም ምርጊት ያውቃሉ እንዴ?» እያልኩ እንደ ሕፃን ፈነደቅሁ።

ጥጋቡ በአንጓው ኳ ኳ አደረገ። ባዶ ድምፅ መለሰ። ያን ጊዜ «ማን ነሽ» አላላትም። ፊቱ አመድ መሰለ። ወጥቶ እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበና ተመለሰ።

«ማኅበሩ በሃያ አንድ ነው አላልሽኝም?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ይህችን አልመርጋትም። አባትሽ እንዳሉት ትቅር።»

ዙሪያዋን መረገ፣ አለሰለሰ፤ እሷን ትቷት ወረደ። አባዬ ሲመለሱ ግድግዳውን አይተው በራፉ ላይ ቆሙ። ጥጋቡ አጎንብሶ «እንዳሉኝ አልነካኋትም፣ ሙሴ» አላቸው። አባዬ ምስማር አስመትተው ጋቢያቸውን ሰቀሉባት።

ሃያ አንድ ደረሰ። ቤቱ ጢም አለ። ሽማግሌዎቹ ጥጋቡን ሲያዩ ይንሾካሾኩ ነበር፤ እኔ ሥራውን ያደነቁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ አስተናግዳለሁ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጽዋው ዞረ። ቄሱ ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩና «እጁ ይባረክ! ና እንመርቅህ» አሉት።

ጥጋቡ ከበሩ ሥር ተነሣ። «ምርቃቱ ይቆይ፣ አባቴ። ሥራ ቀርቶኛል» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት፣ የዚህች ልጅ ክርስትና ሲደርስ፣ ይህን ቤት የመረግሁ እኔ ነኝ። የማኅበሩ ጽዋ በዚያ ወር ተራው ሆኖ እዚህ ቤት ነበረ። ጠፋ። ሙሴ ‹ከጥጋቡ በቀር የገባ የለም› አሉ። እናንተም አውጫጭ ተቀምጣችሁ ሌባው እሱ ነው ብላችሁ አወጣችሁኝ። ከማኅበሩ ተባረርኩ። ለላሊበላ ሰው አጥር እንጂ ቤት ውስጥ ገብቼ አልሠራሁም። ኮን የወረድኩ በዚህ ነው። ይህ ሐሰት ነው?»

እኔ የዳቦውን ትሪ ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ሄዶ ጋቢውን አወረደው። «እዚህች ላይ የዕቃ ማስቀመጫ ቀዳዳ ነበረች፤ ራሴ የሠራኋት ናት። ሙሴ፣ ይምጡ። እጅዎን ያኑሩ።»

እማዬ «ወንድሜ፣ በማርያም ተዋቸው!» ብላ ጮኸች። አባዬ ግን ተነሡ። መዳፋቸውን አነሡና ዱካው ላይ አኖሩት። ልክ ነበር። ግማሿ ጣት ግማሿ ላይ አረፈች።

ጥጋቡ እጃቸውን ቀስ አድርጎ አነሣላቸው፤ በመዶሻ አንድ ጊዜ መታ። ጭቃው ወደቀ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«አውጡት» አለ። «እኔ ሌባ ነኝ፤ አልነካውም።»

ጽዋው ነበር።

አባዬ ወደ ማኅበሩ ዞሩ። «እሷ አታውቅም» አሉ እማዬን እያሳዩ። «አይጥ ይገባል ብላ ሳታይ ነው የደፈነችው። በዓመቱ ሲሰነጠቅ አገኘሁት። አፈርኩ። መልሼ ደፈንኩት።»

እስከዚህ ድረስ ጥጋቡን አልወቅሰውም። እኔም ብሆን ከዚህ የባሰ አደርግ ነበር። የማልምረው ለቀጠለው ነው። ቄሱ ንስሐ ሰጡ፤ ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፤ አባዬም በአገሩ ደንብ ከግቢ ድንጋይ አንሥተው አንገታቸው ላይ ተሸከሙና፣ ጎንበስ ብለው ጥጋቡ ፊት ቆሙ። «በድዬሃለሁ፤ ማረኝ» አሉት። ሰማንያ ሊሞላው የደረሰ ሰው። እኔ አገር ቤት አድጌያለሁ፤ ደመኛም ቢሆን ድንጋይ የተሸከመን ሰው ገፍቶ ሲሄድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ድንጋዩን ከአንገቱ ያወርዱለታል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ጥጋቡ ድንጋዩን አየው።

«ከባድ ነው?» አላቸው።

«ከባድ ነው።»

«እንግዲያ እንደኔ ሠላሳ አራት ዓመት ይሸከሙትና ያን ጊዜ ይጥሩኝ።»

መሣሪያውን በትከሻው አድርጎ በሩን አልፎ ወጣ። አባዬ ራርቶ የሚመለስ መስሏቸው ድንጋዩን እንደተሸከሙ በሩን እያዩ ቆሙ። ቄሱ ሊያወርዱላቸው ቢሞክሩ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ያወረድኩላቸው እኔ ነኝ፤ አንገታቸው ተልጦ ደም አቅርሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት አልወጡም። ማኅበሩ ይቅር ብሏቸው ሙሴነታቸውን ቢመልስላቸው አልተቀበሉም። ክረምቱን ሳይጨርሱ ሞቱ።

አልቅሼ ሳበቃ ወደ ኮን ተመለስኩና ሥራዬን ጀመርኩ። ሥራ ስል መዝገብ ቤቱን አይደለም። ለቤት አከራዬ፣ ለቢሮ ሰዎች፣ በገበያ ቀን ላገኘኋቸው ሁሉ አንዲት ነገር ነገርኩ። «ጥጋቡ ከቤታችን ሲወጣ የእናቴ የብር መስቀል አብሮት ወጣ» አልኩ። ብዙም አላወራሁ፤ እንዲጠይቁኝ አድርጌ ተናገርኩና «ተዉት፣ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» አልኩ። የእናቴ መስቀል ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ኮን ደግሞ የእናቴን አንገት አላየም።

በሦስት ወር ውስጥ ጥጋቡን ቤቱ የሚያስገባ ሰው ጠፋ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። እንቅልፌም ተመለሰልኝ።

አንድ ቀን በዝናብ የሰው አጥር ሲክብ አገኘሁት። አይቶኝ ድንጋዩን አስቀመጠ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ጭቃ በነካው እጁ ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን ዋልሽ፣ ብርቄ?» አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ መዳፌን አየና «የማን እጅ እንደሆነማ አወቅሁት። ያባትሽ ነው» አለኝ። ወደ አጥሩ ተመለሰ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የተመለሰው እንቅልፌ ጠፋ። ሄጄ ውሸቴን ነው እንዳልል ደግሞ የአባዬ አንገት ይታየኛል። እሱ መጥቶ ቢለምነኝ አደርገው ነበር። አልለመነኝም። እንዲህ ተያይተን ሦስት ዓመት አለፈ፤ እሱ አጥር ይክባል፤ እኔ መንገድ እቀይራለሁ።

ጋሸና ላይ ሽሮዬን ጨርሼ ስወጣ ረዳቱ «ላሊበላ! ላሊበላ!» ይጣራል። ቦርሳዬን ይዤ በማዶ ካለው የኮን መኪና ውስጥ ገባሁ። ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ድንኳን አለ፤ እዚያ ቆሜ «መስቀሉን አልሰረቀም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት» ልል ነው። ለጥጋቡ ብዬ አይደለም። እሱ ሞቶ ተገላግሏል፤ እኔ ነኝ ይዤው የምዞረው። ልጥለው ፈለግሁ።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ ገብቼ ሚስቱን እትዬ ዘነቡን «እግዜር ያጥናሽ» አልኳት። አጭር፣ ዓይኗ የማይርገበገብ ሴት ናት። እጄን ያዘችኝ።

«ብርቄ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ትመጣለች ብሎኝ ነበር። ተቀመጪ።»

«እትዬ ዘነቡ፣ መጀመሪያ ለሰዉ ሁሉ የምናገረው አለኝ።»

«አውቃለሁ። እንዳትናገሪ ብሏል።»

ያልሰማኋት መሰለኝ። «እውነቱን እኮ ነው የምናገረው!»

«እሱን ነው እንዳትናገሪ ያለው።» ድምፅዋን አልጨመረችም፣ እጄንም አልለቀቀችም። «‹ስትናገር ይቀልላታል። እንዳይቀልላት› ብሎ ነው የሞተው። የሙት አደራ አለብኝ።»

«ስሙስ? ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ። ይበቃዋል።»

ጮሄ ልናገር እችል ነበር፤ አፌን የያዘው ሰው የለም። ግን የሟች ሚስት በድንኳኗ ውስጥ እጅሽን ይዛ አደራ ስትልሽ እንዴት ተብሎ ይጮሃል? ደሜ ፈላ። ሞቶም አሸነፈኝ። ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነቡ ከማዶ ተቀምጣ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሣችም።

ከጎኔ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ የቀድሞ አከራዬ ጎረቤት ናቸው። ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«እጁስ እጅ ነበር፤ እንደሱ ያለ አይመጣም» አሉኝ። «ያች የመስቀል ነገር ናት እንጂ ስሙን ያጎደፈችው። የናትሽ መስቀል ነበር አይደል? ለመሆኑ ኋላ ተገኘ?»

እትዬ ዘነቡን አየኋት። እሷም አየችኝ።

«አልተገኘም» አልኳቸው።